ሃርድ ዲስክዎን ስለማሳደር

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ፣ የሠርግዎን ቪዲዮ፣ የልጅዎን ክርስትናና አይተው ያልጨረሷቸውን ተከታታይ ፊልሞች አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያጨቁ ከሆነ፣ ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ዲስኩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንደተሰካ ያድራል። ትንሿ መብራቱ በጨለማው ብልጭ ድርግም ትላለች፤ እርስዎም አልጋዎ ላይ ሆነው ይገላበጣሉ። ይነቀል ወይስ ይደር?

በመጀመሪያ ይረጋጉ። ዲስኩ ውስጥ ያሉት ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በሰከንድ 90 ጊዜ መሆኑ ነው። መረጃውን የምታነበው ራስ ግን ሳህኑን አትነካውም፤ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ተንሳፍፋ ትውላለች። ስለዚህ መሽከርከር ብቻውን ሳህኑን ፍቆ አይጨርሰውም። የሚደክሙት ሞተሩና ኩሽኔታው ናቸው። ለዚያም ቢሆን አብዛኞቹ ኤክስተርናል ዲስኮች ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲያጡ ሞተራቸውን አጥፍተው ይተኛሉ። በቤቱ እንቅልፍ ያጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እንቅልፍም ቢሆን ሒሳብ አለው። ራሷ ወደ ማረፊያዋ የምትመላለስበትን ቁጥር አምራቾች ብዙ ጊዜ 300,000 ወይም 600,000 ብለው ይገምታሉ። ዌስተርን ዲጂታል «ግሪን» ብሎ የሸጣቸው ዲስኮች ገና 8 ሰከንድ ሥራ ሲፈቱ ራሷን ያሳርፏት ነበር። በሰዓት 30 ጊዜ ብትመላለስ እንኳ 300,000ው በ14 ወር ውስጥ ያልቃል። ልጅዎን «ዲስኩን በየደቂቃው አትቀስቅሰው» ብለው ቢቆጡት ማንም አይፈርድብዎትም።

የጉግል ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው፣ በሥራ መብዛትና በመበላሸት መካከል የተፈራውን ያህል ጥብቅ ዝምድና እንዳላገኙ ጽፈዋል። ደስ ይላል። እነዚያ ዲስኮች ግን ልደታ አልኖሩም።

ልደታ የሚኖር ዲስክ የሚፈራው መብራት መሄድንና መምጣትን ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሳህኑ በቀረችው ዙር ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ራሷም በዚያችው ጉልበት ማረፊያዋ ትገባለች። ድንቅ ዘዴ ነው፤ የፈጠሩት መሐንዲሶች የእኛን ሰፈር ያዩ ይመስላል። ሲጻፍ የነበረው ፋይል ግን መሃል ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ በተለይ ዲስኩ ኤክስፋት በሚባለው ሥርዓት ፎርማት ከተደረገ ያልተጠናቀቀውን ሥራ መልሶ የሚያስተካክልበት መዝገብ የለውም። ከዚያ ልጆች «መብራት መጣ!» ብለው ሲጮኹ፣ ፍሪጁም ምጣዱም የጎረቤት ማሽንም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሻማ ከመፈለግዎ በፊት በዳበሳ ዲስኩን ይንቀሉ። ጉልበትዎ ከጠረጴዛው ጋር ቢጋጭ ይቻሉት። መብራቱ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ።

በዚህ ዓይን ሲታይ ግንቦት 2011 ለዲስክ ወርቃማ ዘመን ነበር። የጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሆነ። ሕዝቡ ቢያማርርም፣ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት በፕሮግራም የሚያውቅ ባለ ዲስክ ቀደም ብሎ በክብር ይነቅል ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት ተመርቋል። እልል ይበሉ፤ ከግድቡ እስከ እርስዎ ዲቫይደር ድረስ ግን ብዙ ሽቦ አለ።

ስለ አለባበሱም አንድ ነገር ልበል። ዲስኩን ዳንቴል አያልብሱት። ሙቀት በመጠኑ ይችላል፤ ከሚግለው ዲኮደር ላይ ተቀምጦ ዳንቴል መደረብ ግን የለመደው ኑሮ አይደለም። ከረከቦቱም ያርቁት፤ እየተሽከረከረ ከጠረጴዛ የወደቀ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ካደረ ዲስክ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ሥራ ላይ እያለ ነቅለው ቦርሳ ውስጥ የሚወረውሩ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ሕግ እንዲወጣ እመኛለሁ፤ ፍርድ ቤቱም እዚሁ ልደታ ስለሆነ መጓጓዣ አያስቸግርም።

ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ለዓመታት ቢያስቀምጡትስ? ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሊቀር ይችላል። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ብዙ ሲቆይ የያዘውን ቻርጅ ቀስ በቀስ ያፈስሳል። በየቀኑ የሚጠቀሙበት ከሆነ ተሰክቶ ይደር፤ ለእሑድ ብቻ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ይንቀሉት። ያም ሆነ ይህ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልግዎታል፤ በዚያው ዲቫይደር ላይ ሳይሆን በሌላ ሰፈር፣ ለምሳሌ አማትዎ ቤት። ሲያስረክቡ አደራዎን በደንብ ያስረዱ፦ ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክተው የሠርጉን ቪዲዮ ማየት ይችላሉ፣ ጎረቤት ጠርተውም ቢያሳዩ አይከፋዎትም፤ ቴሌቪዥኑ «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የቱንም ያህል በትሕትና ቢጠይቅ እሺ እንዳይሉት።