“እናንተ ካላችሁ እኔም አለሁ”፦ ወደ ሳባ ደሴት ስለሚታቀድ የዕረፍት ጉዞ የተደረገ ጥናት

ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ስለ መጓዝ ብዙ ተጽፏል። ለመጓዝ ስለ ማቀድ ግን ሊቃውንቱ ዝም ብለዋል። ዝምታው አግባብ አይደለም። መጓዝ ጥቂት ቀን የሚፈጅ፣ ገንዘብና ፈቃድ ያገኘ ሁሉ የሚያደርገው ተራ ነገር ነው። ማቀድ ግን ዓመት ከዓመት የሚሻገር፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዞ የሚባለውን ነገር ሳያስፈልገው ራሱን ችሎ የሚኖር ሥራ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚኖሩ፣ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በተሰባሰቡ ባለትዳር ወዳጆች ላይ ነው። ጸሐፊው የግሩፑ አባል በመሆኑ ገለልተኛ ነው ሊባል አይችልም፤ ይሁን እንጂ በግሩፑ ውስጥ አስተያየት ሰጥቶ ስለማያውቅ እንደ ገለልተኛ ተቆጥሯል። በጥናቱ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥናቱ ስፍራ

ሳባ በካሪቢያን ውስጥ ከሲንት ማርተን ደሴት በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ይኖርባታል። ከ2010 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች፤ ነዋሪው ግን የሚነጋገረው በእንግሊዝኛ፣ ከ2011 ወዲህም የሚገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው። ቤቶቿ ግድግዳቸው ነጭ፣ ጣሪያቸው ቀይ ነው። በንግሥተ ሳባ ዙሪያ የሚነሣውን ጥያቄ ይህ ጥናት አያነሣም። ግሩፑ ግን አንሥቶታል፤ ውይይቱም እስካሁን አልተዘጋም።

የመላው የኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ግዛት ከፍተኛው ተራራ የሚገኘው እዚችው ደሴት ላይ ነው። ማውንት ሲነሪ ይባላል፤ ከፍታው ከ850 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጫፉ ለመድረስ 1,064 ደረጃዎች ይወጣሉ። አንድ ጎንደሬ አባል ቁጥሩን አይተው “ይኼ እንኳ ጉብታ ነው” ሲሉ ጽፈዋል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና አስተያየቱ ከሳይንስ አንጻር ትክክል ነው። እኚሁ አባል በሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት የተበላሸ ዕለት ከቤት ሳይወጡ መዋላቸው በመረጃነት ተይዟል።

ደሴቷ የተመረጠችው አንዲት አባል ሌሊት ላይ በለጠፉት ፎቶግራፍ ነው። ፎቶው ላይ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባና አንድ ባዶ ወንበር ይታያሉ። ፎቶው የሳባ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ሳባ ዙሪያዋን ገደል ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የተፈጥሮ አሸዋማ ዳርቻ የላትም። ዌልስ ቤይ በተባለው ስፍራ ያለው አሸዋ በሞቃቶቹ ወራት ብቅ ይልና ብርዱ ሲገባ ማዕበል ጠርጎት ይሄዳል። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ደግሞ ኮቭ ቤይ የተባለ፣ በሰው እጅ የተበጀ ትንሽ መዋኛ አለ። ከዚህ ውጪ ወደ ባሕሩ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ጠላቂ ዋናተኛ መሆን ይጠበቅበታል፤ ለጠላቂዎች እንኳ ባሕሩ ከ1987 ጀምሮ የተከለለ ፓርክ ነው። ይህን ሁሉ ከአባላቱ ቢያንስ አንድ ሰው ቀድሞ ያውቅ ነበር። ፎቶውን የለጠፉትን እመቤት ላለማሳፈር ሲል አልተናገረም።

የመግቢያው ነገር

መንገደኛው በቅድሚያ ሲንት ማርተን ይደርሳል። ከዚያ ወደ ሳባ በአየር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። የሚበረው 19 መቀመጫ ያለው ትዊን ኦተር የተባለ አውሮፕላን ሲሆን፣ የሚያርፍበት ሜዳ 400 ሜትር ብቻ ይረዝማል፤ በዓለም ላይ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ከሚያስተናግዱት ሁሉ አጭሩ ነው። በሁለቱም ጫፍ ሜዳው ሲያልቅ የሚቀጥለው ገደል፣ ከገደሉ የሚቀጥለው ባሕር ነው። ማረፊያው በ1963 ተመርቆ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ አብራሪዎቹም ለዚሁ ሜዳ ተለይተው ይሠለጥናሉ።

አንድ አባል የማረፊያውን ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ከለቀቁ በኋላ ረዘም ያለ ጸጥታ ታይቷል። ጸጥታውን የሰበረው የሁለት እጆች ጸሎት ምልክት ነው። ቀጥሎም “ጀልባ የለም?” የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ጀልባ አለ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በማዕበል ላይ ይጓዛል። ይህ መልስ ከተሰጠ በኋላ የመጣው ጸጥታ ከመጀመሪያው የሚለየው ጸሎት ስላልተከተለው ብቻ ነው።

የጊዜው ስሌት

ጉዞው መቼ ይሁን የሚለውን ለመወሰን ሦስት መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ የአውሎ ነፋሱ፣ የቤተ ክርስቲያንና የዌልስ ቤይ አሸዋ። ዘዴው ባሕረ ሐሳብ ነው፤ የተለወጠው ዓላማው ብቻ ነው።

በአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ይህ ዓመቱን እኩሌታ ይወስዳል። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲንት ማርተንን ምን እንዳደረጋት የሚያስታውስ ሰው በዚህ ላይ አይከራከርም። ፍልሰታም እዚሁ ውስጥ ስለሚወድቅ ሁለት ጊዜ አልተቆጠረም።

ቀሪው እኩሌታ ነጻ ይመስላል፤ አይደለም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይያዛል። ማለትም አውሎ ነፋሱ ሳይወጣ ጾሙ ገብቷል፤ በመካከላቸው የሚያሾልክ አንድ ቀን እንኳ የለም። “በጾምስ ቢኬድ ምን አለበት? ደሴት አይደል፣ ዓሣ ይበላል” የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም ወደሚለው የቆየ ክርክር አምርቶ ከጉዞው ርእስ ለሳምንታት ወጥቷል። በመጨረሻ የደሴቷ ዓሣ አጥማጆች በሎብስተር የታወቁ መሆናቸው ሲገለጽ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በጾምም ሆነ በፍስክ እንደማይበላ ተጠቅሶ ሁለቱም ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተዋል። ጥናቱ ይህን ከዕቅዱ ዋና ዋና ውጤቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ አየሩ የተመሰከረለት ነው። ለዚህም ነው ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በካሪቢያን ዋጋ ሰማይ የሚነካው። አሸዋው ደግሞ በእነዚሁ ወራት የለም። በዚያ ላይ ጥምቀት አለ፤ በጥር አገር ቤት የእህት ልጅ የማታገባበት አባል አልተገኘም። ከዚያ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይዘልቃል። በግሩፑ ውስጥ ያሉት ሙስሊም ባልና ሚስት የሚጾሙት ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ በአንድ ዓመት የተሠራ ስሌት ለሚቀጥለው አያገለግልም።

የሚቀረው በዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ዋጋው ወርዷል፤ አውሎ ነፋሱ እስከ ጁን አይጀምርም፤ አሸዋውም መመለሻው ነው። ሦስቱ መቁጠሪያዎች እዚህ ላይ ይስማማሉ። ይህ ግኝት ግሩፑ ላይ በቀረበ ጊዜ ደስታው ትልቅ ነበር። ይሁን እንጂ በዓለ ሃምሳ ለካሪቢያን የሚመች መሆኑን ከካሪቢያን በፊት የደረሱበት ሙሽሮች ናቸው። ከዳግም ትንሣኤ ጀምሮ በየቅዳሜው ሠርግ አለ። በሜይ ወር የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ይታከልበታል፤ ለምረቃው የሚታረደው በግ ደግሞ ቀን አይቀየርለትም። ሠርግ ላይ አለመገኘት እንደማይቻል፣ ሳባ ላይ አለመገኘት ግን እንደሚቻል ያለ ተቃውሞ ተወስኗል።

የተሳታፊዎች አመዳደብ

የዕቅዱ ተሳታፊዎች በአራት ይመደባሉ። አንደኛው አስተባባሪ ነው፤ ማንም አልሾመውም፣ ስለዚህ ማንም ሊሽረው አይችልም። ሁለተኛው የዋጋ ተመራማሪ ነው፤ ቲኬት ማክሰኞ ሌሊት እንደሚረክስ ያምናል፤ እስካሁን ብዙ ማክሰኞዎችን ነቅቶ አሳልፏል፤ ቲኬት አልገዛም። ሦስተኛው ስለ ሻንጣ የሚያስብ ነው። ጀበና፣ ረከቦት፣ በርበሬ፣ በሶና ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ድርቆሽ በ19 ሰው አውሮፕላን እንዴት እንደሚጫን ይጠይቃል። ለዚህ እንኳ ታሪካዊ አብነት አለ፦ ወደቡ ከመሠራቱ በፊት ወደ ሳባ የሚገባ ዕቃ ላደር ቤይ ላይ ከዓለት በተፈለፈሉ ወደ 800 የሚጠጉ ደረጃዎች በሰው ጫንቃ ይወጣ ነበር። አባሉ ይህን ሰምተው “እሱስ ልጆቹ ይሸከሙታል” ብለዋል። ልጆቹ አልተጠየቁም።

አራተኛው ወገን ከሁሉ ይበዛል። መለያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “እናንተ ካላችሁ እኔም አለሁ።” ዓረፍተ ነገሩ ጨዋ ነው፤ ማንንም አይነካም። ጉዳቱ የሚታየው ሁሉም ሰው ሲናገረው ነው። ሀ የሚሄደው ለ ከሄደ ነው። ለ የሚሄደው ሐ ከሄደ ነው። ሐ የሚሄደው ሀ ከሄደ ነው። ይህ ስሌት ሦስቱም ሳባ ላይ ቆመው ሳለ ትክክል ነው፤ ሦስቱም በመኖሪያቸው በሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለው ሳለም እኩል ትክክል ነው። ከሁለቱ መልሶች የአየር ቲኬት የማይጠይቀው ሁለተኛው ስለሆነ ተፈጥሮ ወደዚያው ታዘነብላለች።

“አልሄድም” የሚለው ቃል በጠቅላላው የግሩፑ መዝገብ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተገኘም። “እግዚአብሔር ካለ”፣ “እስቲ እናያለን”፣ “ቀኑ ይቅረብና” ግን በብዛት አሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይህ ግሩፕ ቁጭ ብሎ ነው የታጠቀው፤ ትጥቁም አልተፈታም። አልተሮጠበትምና።

ንጽጽር

ዕቅድ በሌሎች ዘንድ ምን መልክ እንዳለው ለማየት ከሳባ መንገድ የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም። ደሴቷ ቀጥ ባለ ገደል ላይ የተሠራች በመሆኗ መኪና የሚያስኬድ መንገድ እንደማይወጣት ከኔዘርላንድስ የመጡ መሐንዲሶች ተናግረው ነበር። ጆሴፈስ ላምበርት ሀሰል የተባለ የደሴቷ ሰው ግን በፖስታ በሚላክ ትምህርት ምሕንድስና ተማረ፤ የመንደሩን ሰዎችም አሰልፎ በ1938 ቁፋሮ ጀመረ። የተሠራው በእጅ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና ደሴቷ ላይ የወረደችው በ1947 ሲሆን፣ መንገዱ የተፈጸመው በ1958 ነው። ሃያ ዓመት ማለት ነው።

ከጊዜ ርዝመት አንጻር የግሩፑ ዕቅድ ከሀሰል ዕቅድ ጋር የሚቀራረብበት ተስፋ አለው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሀሰል “እናንተ ካላችሁ እኔም አለሁ” ቢል ኖሮ መሐንዲሶቹ አልነበሩምና እሱም ባልኖረ። በሳባ አንድ ሰው ሊሳሳት፣ ሊወቀስ፣ “ይኼን ጣጣ ያመጣብን እሱ ነው” ሊባል ፈቅዶ ቀደመ። በግሩፑ ውስጥ የጎደለው ገንዘብ አይደለም፤ አባላቱ በየሠርጉ የሚያወጡት ቢደመር ወደ ሳባ አድርሶ ይመልሳል። ፍቅርም አልጎደለም፤ ከመጠን በላይ ነው። የጎደለው ሆቴሉ ጠባብ ቢሆን፣ ባሕሩ ቢናወጥ፣ ዝናብ ቢዘንብ ጥፋቱ የሚላከክበት አንድ ሰው ነው። ይሉኝታ ያለው ሕዝብ ወዳጁን ለእንዲህ ያለ ቦታ አይሾምም፤ ራሱንም አያጭም።

መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

በሦስት መቁጠሪያዎች መሠረት ወደ ሳባ መሄጃ ጊዜ አለ። ከሠርጎቹ መካከል ከአንዱ መቅረት የሚችል ሰው እስከተገኘ ድረስ መሄድ ይቻላል። የማረፊያው አጭርነት፣ የአሸዋው መጥፋት፣ የሎብስተሩም ነገር የዕቅዱ እንቅፋቶች አይደሉም፤ የዕቅዱ ማረፊያዎች ናቸው፤ “አልሄድም” ማለት ያልቻለ ሰው ተራ በተራ ያርፍባቸዋል። ስለዚህ ጥናቱ አዲስ ደሴት መፈለግን አይመክርም። አሩባም ቢሆን አሸዋዋ ዓመቱን ሙሉ መቆየቱ ግሩፑን ሰበብ ከማሳጣት በቀር አይጠቅመውም።

የሚመከረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ አባል ሳያማክር ቀን ይቁረጥ፣ የራሱን ቲኬት ይግዛ፣ ከገዛ በኋላ ለግሩፑ ያሳውቅ፤ ለሚደርሰው ሁሉ ተወቃሽ እንደሚሆንም አስቀድሞ ይወቅ። ምክረ ሐሳቡ ለአባላቱ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ተወድዷል። ጥናቱ እስከ ተጠናቀቀበት ዕለት ድረስ ለቦታው ፈቃደኛ የሆነ አልተገኘም፤ ሁሉም ግን ማንም ቢሆን ቅር እንደማይላቸው አረጋግጠዋል።