ኩባያው ውስጥ ምን አለ?

ኩባያው ባዶ ነው። ይህን የምለው ጠርጥሬ አይደለም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከፖለቲካውም ከሙዚቃውም መንደር እንግዳ እየጠሩ ከሚያጫውቱት የእሁድ ቶክ ሾዎች በአንዱ ላይ፣ አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን የወጣትነት ገድላቸውን ሲያወሩ እጃቸውን ሰፋ አድርገው ሰነዘሩና ከፊታቸው የተቀመጠውን ትልቅ ኩባያ በክርናቸው መቱት። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሰውየው ሱሪያቸውን ለማዳን ብድግ አሉ፤ አዘጋጁም ወረቀቱን ሰበሰበ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። አዘጋጁ ኩባያውን አነሣና የስፖንሰሩን ዓርማ ወደ ካሜራው አዙሮ አስቀመጠው። ጨዋታው ቀጠለ።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ምክንያቱም ሰውየው ከዚያ በፊት ከዚሁ ኩባያ ደጋግመው ሲጎነጩ ነበር። ጉሮሯቸው ወጣ ገባ ሲል ሁሉ አይቻለሁ።

«ምን ዋጡ ታዲያ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

አማቴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «ምራቃቸውን ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ሥልጣን ላይ ሳሉስ ሲውጡ የኖሩት እሱን አይደል?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጤና የለኝም። ሰው የእንግዳውን ቃል ሲያዳምጥ እኔ ኩባያ እጠብቃለሁ። የሞላ ኩባያ የሚያነሣ ሰው እኮ ያስታውቃል፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ያያል፣ ትኩስ ከሆነ እፍ ይላል፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ወደ ኩባያው ይሄዳል፣ ሲያስቀምጥም እጁ እስከ ጠረጴዛው ድረስ አብሮት ይወርዳል። ባዶ የሚያነሣው ግን ኩባያውን ላባ አስመስሎ ወደ አፉ ያመጣዋል፤ እያወራም ያወዛውዘዋል። ትኩስ ቡና ይዞ በሁለት እጁ ኢኮኖሚ የሚያስረዳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለቤቴ ይህንን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ፣ «ሥራ ፈትተሃል» አለችኝ። ከሞላ ጎደል ልክ ናት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 ስቲቭ አለን በኤንቢሲ «ቱናይት»ን ሲጀምር የተዘረጋው ሥርዓት ነው፤ አዘጋጁ ከጠረጴዛ ጀርባ፣ እንግዳው ከጎኑ፣ ባንዱ ከዳር። ጆኒ ካርሰን ከ1962 እስከ 1992 ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ አሜሪካን ሲያስተኛ ኖረ። ዓለምም ጠረጴዛውን ከነኩባያው ገለበጠ። እኛም ገለበጥን፤ ኩባያውን ስንገለብጥ ግን በውስጡ ያለውን ያፈሰስነው ይመስለኛል። እንግሊዞቹ ጋ ግርሃም ኖርተን እንግዶቹን ሶፋው ላይ ደርድሮ የምር ያጠጣቸዋል። እሱም ብርጭቆውን አይጠላም። እንግዳው ከመሃል ጀምሮ ሲሞቀው ይታያል፤ ወሬውም አብሮት ይሞቃል።

አሜሪካዊው የቶክ ሾው አዘጋጅ አርሲኒዮ ሆል ደግሞ ጭራሽ ጠረጴዛ አልነበረውም። ቢል ክሊንተን በ1992 የምርጫ ዘመቻው ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሳክስፎን ይዞ፣ የኤልቪስን ዘፈን የነፋው እዚህ ሰው ዘንድ ቀርቦ ነው። ፖለቲካና ሙዚቃ በአንድ ምሽት ተጋቡ ከተባለ ሠርጉ ይኸው ነው። በኋላ የመጣው ሁሉ ሳክስፎኑን ብቻ ነው ያስታወሰው። ከሙዚቃው በኋላ ግን ሁለቱ ቁጭ ብለው የዚያን ሰሞን ስለተነሣው የሎስ አንጀለስ ሁከት አውርተዋል። ሰውየው ነፋ፣ ከዚያ ተጠየቀ። ሁለተኛዋ ክፍል ውቅያኖሱን ስታቋርጥ ሰጠመች መሰለኝ።

ፖለቲካና ዘፈን መቀላቀሉ ነውር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ እሱ ቡና ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አቦሉ ላይ የሽንኩርት ዋጋ፣ ቶናው ላይ ሹም ሽር፣ በረካው ላይ ማን ከማን ተለያየ፣ የማን አልበም ሊወጣ ነው። ሹም ሽሩን ያመጣችው ጎረቤት ራሷ ናት አልበሙንም የምታመጣው፤ «አሁን ደግሞ ወደ መዝናኛው እንለፍ» የሚላት የለም። መዓዛ ብሩም በሸገር «የጨዋታ እንግዳ» ላይ ይህንኑ ነው የምታደርገው፤ አንዱን ሰው ሳምንት ከሳምንት እየመለሰች፣ ከልጅነቱ እስከ ሹመቱ፣ ከሹመቱ እስከ እስሩ ስታጫውተው ሰውየው ሳይታወቀው ሁሉን ይዘረግፈዋል። ራዲዮ ስለሆነ ኩባያ አይታይም። ምናልባት ምስጢሩ እሱ ይሆናል።

እኔን የሚያናድደኝ መቀላቀሉ ሳይሆን መገላበጡ ነው። የቀድሞው ባለሥልጣን ይገባሉ። አንዲት ፊርማቸው ስንት ቤት ያቆመች፣ ስንት ቤት የናደች ሰው ናቸው። ጥያቄው ምንድን ነው? «ባለቤትዎን መጀመሪያ የት ነው ያገኟቸው?» «ወጥ ይሠራሉ ይባላል፣ እውነት ነው?» «እስክስታ ላይስ እንዴት ነዎት?» ይነሣሉ፣ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፣ ታዳሚው በጭብጨባ ያብዳል። ቀጥሎ ዘፋኟ ትገባለች። ገና ልጅ ናት፤ የለቀቀቻትን ነጠላ ዜማ ልታስተዋውቅ ነው የመጣችው። አዘጋጁ ፊቱን ኮስተር ያደርጋል። «ስለ አገራችን ሰላም ምን ትያለሽ?» ምን ትበል? ሰላም ይሁን ብትል «ለማን ወግና ነው?» ልትባል ነው፤ ዝም ብትል «ግድ የላትም»። ከተናገረችው አሥር ሰከንድ ተቆርጦ ማታውኑ በየስልኩ ይዞራል። የምትሰደበው እሷ፣ ኮንሰርቱ የሚሰረዘውም የእሷ። መልስ መስጠት የነበረባቸው ሰውዬ እስክስታቸውን መትተው ቤታቸው ገብተዋል። ይህ ጨዋታ አይደለም። የባለዕዳውን ዕዳ አውርዶ በመንገድ ለተገኘች ልጅ ማሸከም ነው። «ቀለል ያለ ፕሮግራም እኮ ነው» ይሉኛል። ለማን ነው የቀለለው?

እንዲህ ስል አማቴ ቀና አሉ። «አንተ ብትሆን ትጠይቃቸው ነበር?»

«እጠይቃለሁ እንጂ እማማ!»

«የልጆቹ ወተትስ?»

ዝም አልኩ። አዘጋጁንም ብቻውን መውቀስ አልችልም። ጆሮው ላይ በተሰካችው ነገር አንዱ «ፍጠን፣ ማስታወቂያ ደርሷል» ይለዋል፤ እንግዳው አስቀድመው በስልክ «ያቺ ነገር እንዳትነሣ» ብለውታል፤ ስፖንሰሩ ኮስታራ ወሬ አይወድም። ደፍረው የጠየቁትም መጨረሻቸው ታይቷል። ግብፃዊው ባሴም ዩሱፍ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ከቤቱ በፖለቲካ የሚቀልድ ቪዲዮ እየቀረጸ ጀምሮ የአገሩን ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ። በ2013 ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ሲጠራ፣ ፕሬዚዳንት ሙርሲ አጥልቀዋት በቀለደባት ባርኔጣ አምሳል ግዙፍ ባርኔጣ ደፍቶ ሄደ። ሙርሲ ወረዱ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፤ በ2014 ፕሮግራሙ ቆመ። ሰውየውም አገር ለቀቀ። የእኛው አዘጋጅ ይህንን እያሰበ ስለ ወጥ አሠራር ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? ባይሆን ለዘፋኟም ስለ ወጥ ይጠይቅላት።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር እየበላኝ ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ። ከስቱዲዮው ጥግ ተቀምጦ፣ እንግዳው ሲቀልድ የሠርግ ዜማ ነካ ያደርጋል፣ እንግዳዋ ስታለቅስ የዋሽንት ድምፅ ያወጣል። ሥራው ይኸው ነው፤ ማን መቼ መሳቅ እንዳለበት ከአዘጋጁ ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው። ባለፈው አንዱ እንግዳ ሳይታሰብ የዘይት ዋጋ አነሡ። የልጁ እጅ አየር ላይ ቆመ። አዘጋጁን አየ፣ አዘጋጁ ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ በማሲንቆ ድምፅ አንዴ ጭረት አደረገና እጁን ሰበሰበ። አማቴ ልኩን መታ ባይ ናቸው፤ ለዘይት ማሲንቆ ነው የሚሄደው ይላሉ። እኔ እንኳ ነጋሪት ይሻል ነበር ብዬ ተከራክሬ ነበር፤ ባለቤቴ በበኩሏ ስለ ቤት ኪራይ ሲነሣ ምን ሊመታ እንደሆነ ለማየት የሚቀጥለውን እሁድ እየጠበቀች ነው።