ማንጎ ለሱሉልታ

አዲስ አበባ ላይ ዕድሜውን በኪራይ የጨረሰ ሰው በመጨረሻ የራሱን ግቢ ሲያገኝ የሚተክለው መሬቱ የሚያበቅለውን ሳይሆን ራሱ ሲመኝ የኖረውን ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቤት የሠራ አባወራ ገና ልስኑ ሳይደርቅ ከመንገድ ዳር ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ ይሸምታል። ታክሲ ውስጥ ችግኙን ከጎኑ ሲያስቀምጥ ረዳቱ “ወንበር ስለያዘ ሒሳብ አለው” ይለዋል። እሱም ተሟግቶ ተሟግቶ ይከፍላል።

ችግኝ ሻጩ የሰውየውን ሰፈር አይጠይቅም። “ይይዛል ወይ?” ሲባል “የትም ይይዛል ጋሼ! ውሃ ብቻ አይርሱት” ብሎ ይመርቃል። አልዋሸም፤ ይይዛል። ያፈራል ያለ የለም።

ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ተክል ግን የአስተዳደር መዋቅር አይገባውም፤ የሚያውቀው ከፍታ ነው። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ናት። በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩ 2,500ን ታልፋለች። እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የምትገኘው ሱሉልታ ደግሞ ከ2,700 በላይ ትወጣለች። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በለጥ እያለ ስለሚቀንስ፣ ከሰበታ ሱሉልታ የሄደ ሰው ሹራብ ደርቦ ነገሩን ይረሳዋል። ፓፓያ ሹራብ የለውም።

ሱሉልታ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ ሰማዩ ጥርት ባለ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከየተዳፋቱ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሲነጋ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል፤ ማንጎው ደግሞ ቅጠሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባለው ለሰው ነው፤ ለማንጎ ምን እንደሚታዘዝ አበው የተናገሩት የለም። ባለቤቱ በማግስቱ ምሽት የጤፍ ማዳበሪያ ያለብሰዋል። ዛፉ በየካቲት ያቆጠቁጣል፣ ሰውየው “አላልኳችሁም!” ይላል፤ ጥቅምት ይመጣና ይመታዋል፣ ሰውየው ዝም ይላል። እንዲህ እያሉ ዓመታት ይገፋሉ። ለምን እንደተከለው የጠየቀውን እንግዳ “ለጥላ ነው” ብሎ ይመልሳል። ማንጎው ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም።

ሰበታ ላይ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር አቮካዶ ተስፋ አለው። ችግሩ ባለቤቶቹ ጭማቂ ቤት በልተው የጣሉትን ፍሬ አንስተው መትከላቸው ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እስኪያፈራ አምስትም አሥርም ዓመት ይፈጃል፤ የተዳቀለው ግን በሦስትና በአራት ዓመት ይደርሳል። ሂሳቡን ለማያምን፦ ፍሬውን አንደኛ ክፍል ሆኖ የተከለ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ተፈትኖ ሲመለስ ዛፉ አሁንም ቅጠል ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መሀል አማት ይመጣሉ። አማት የነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩት የጎመን ዘር አላቸው። የአፈሩን ዓይነት አይጠይቁም፣ ከፍታም አያነሡም፤ የዕቃ እጣቢ የሚደፋባትን ጥግ በዶማ ጫር ጫር አድርገው፣ አመድ በተን፣ ዘሩን በተን አድርገው ቡናቸውን ሊጠጡ ይገባሉ። ከሁለት ወር በኋላ ከዚያ ጥግ እየተቀነጠበ ቤተሰቡ ይበላል። ፍራፍሬ የተመኘው አባወራ “ጎመን በጤና” እያለ ራሱን ያጽናናል።

ጎመኑን መናቁ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ የሚለው፣ መነሻው የእኛው ደጋ ነው። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አንድ ፋልከን 20 ጄት ከዚሁ ተክል ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ፣ ምንም ሳይቀላቀልበት በረረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ጥር ደግሞ የአውስትራሊያው ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ድረስ ካሪናታ የተቀላቀለበት ነዳጅ ይዞ ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻገረ። ይህን ዜና ለአማቱ የነገራቸው አንድ የቡራዩ ሰው ያገኘው መልስ “ታዲያ ልጄ፣ ሥጋ ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?” የሚል ነው።

ድንችም እንዲሁ በማስታወቂያ ያልመጣ ባለሟል ነው። ወደ ኢትዮጵያ በ1858 እ.ኤ.አ. ያስገባው ጀርመናዊው ሺምፐር እንደሆነ ይነገርለታል። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ትንሽ ገፋ ሲሉ የሚገኘው የሆለታ ምርምር ማዕከል ደግሞ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉትን ዝርያዎች አውጥቷል። በክረምት ቅጠሉን አጥቁሮ በጥቂት ቀን ማሳውን የሚያነደው በሽታ፣ ያ አየርላንድን ያስራበው፣ እዚህም ስላለ ዝርያ መምረጥ ቅንጦት አይደለም። በሽታውን ያለፈ ድንች የሚጠብቀው ፍልፈል ነው።

ፍልፈልን የማያውቅ የከተማ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ይጠራጠራል። ጠዋት በረንዳ ላይ ቡናውን ይዞ ተቀምጧል፤ ነፋስ የለም። ከመደቡ መሀል አንዲት የጎመን ግንድ ብቻዋን ትንቀጠቀጣለች። ቆም ትላለች። እንደገና ትንቀጠቀጥና አንድ ጣት ያህል ትሰምጣለች፤ ቀጥሎ ግማሽ ድረስ፣ ከዚያ ቅጠሎቿ ወደ ላይ ተጨብጠው ቀዳዳው ውስጥ ይገባሉ። ከአጠገቡ ትኩስ አፈር ቁልል ይላል። ሰውየው ቡናውን ጥሎ ሲደርስ ያለው ቀዳዳ ነው። ጎረቤት መድኃኒት አያልቅበትም፤ አንዱ “በርበሬ አጭስበት” ይላል፣ ሌላው “ውሃ ሙላበት” ይላል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው፤ ያለችው አንድ ቢጫ ጀሪካን ናት፣ እሷም ለወጥ ናት። ድመቲቱ ቀዳዳውን አሽትታ፣ ጉዳዩ የምድር ቤት መሆኑን ተረድታ ወደ ፀሐይዋ ትመለሳለች።

ፍግ ሱሉልታ ላይ ሞልቷል ተብሎ ይታማል። ከብቱ በርግጥ ሞልቷል፤ እበቱ ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ አትክልተኛው ከባለ ምጣዷ ጋር በዋጋ መሻማት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሸነፋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ዶሮውም ማሩም እንቁላሉም ከአንድ ግቢ ይጠበቃል። ሐሳቡ ደህና ነው፤ ዶሮዋ ግን የሰላጣ ችግኝ የማን ድርሻ እንደሆነ ያስረዳት የለም።

ጥሩ መዓዛ የተከለ ሰው በሩን መዝጋት አይችልም። ጤና አዳም ለቡና፣ ዳማከሴ ለምች፣ ኮሰረት ለቅቤ፣ በሶብላ ለበርበሬ፣ ጌሾ ለጠላ፤ እያንዳንዱ የራሱ ደንበኛ አለው። ዳማከሴ ፈላጊ ሌሊትም ያንኳኳል። ኮባ ያለው ደግሞ ለበዓል ዋዜማ የድፎ ዳቦ ቅጠል ጠያቂዎችን ማሰለፍ አለበት።

ለፍራፍሬ ያልሞተ ምኞት ላለው የሱሉልታ ሰው የሚቀረው ፖም ነው። በፖም ስሟ የተጠራው ጨንቻ ከፍታዋ ከሱሉልታ ብዙ አይርቅም፤ ፖም ብርድ ይወዳል። ብርዱ ካልበቃውም ቅጠሉን በእጅ አርግፈው ያታልሉታል፤ በዚህ ጊዜ ያየ ጎረቤት “ይሄ ሰውዬ ደህና ነው?” ማለቱ አይቀርም። አና የተባለችው ዝርያ ግን ብቻዋን በደንብ አታፈራም፤ እንደ ዶርሴት ጎልደን ያለ ከእሷ ጋር የሚያብብ ሌላ ዝርያ አጠገቧ ይሻታል። ስለዚህ አንዱ አናን ተከለ፣ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ያለው ዶርሴትን ተከለ፣ ፖም መጣ፣ ጠብም መጣ። ባለ ዶርሴቱ “ያንተ ዛፍ ያለ እኔ ማገዶ ነበረች” ብሎ ሲሶ ጠየቀ። ባለ አናው ያንተም ያለ እኔ እንዲሁ ነው ብሎ መለሰ። ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩ ሊበርድ ሲል ሦስተኛው ጎረቤት፣ ቀፎ የሰቀለው፣ ገባና የአበባውን ዱቄት ከዛፍ ዛፍ ያመላለሱት የእሱ ንቦች መሆናቸውን አስመዘገበ። ለጊዜው አምስት ፖም ተቀብሎ ወጥቷል፤ ቀሪውን ለሚቀጥለው ምርት ቀጥሮታል።