ባዕድ ይፈለጋል

ሌባው ያለው ስድስተኛው መደበቂያ ውስጥ ነው። ይህን ዳኛው ያውቃል፤ ተመልካቹ ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ውሻው ያውቃል፤ ባለፈው ጊዜም እዚያው ነበርና። ደንቡ ግን ውሻው ሜዳውን ግራና ቀኝ እየተመላለሰ አምስቱን ባዶ መደበቂያዎች አንድ በአንድ ዞሮ ሳያይ ስድስተኛው ዘንድ አይድረስ ይላል። እኛ አገር ቀጥ ብሎ ሌባውን የያዘ ውሻ «አንበሳ!» ተብሎ አጥንት ይጨመርለታል። እዚህ ነጥብ ይቆረጥበታል።

እዚህ የምለው ጀርመን ነው። ነገሩ የሥራ ውሾች ውድድር ነው፤ የድሮ ስሙ ሹትስሁንድ። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የፈረሰኛ ጦር መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የጀርመን እረኛ ውሾችን ማኅበር ሲመሠርት አንድ ስጋት ነበረው፦ የሚጠበቀው በግ እያነሰ ሲሄድ ውሻው መልከ መልካም ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀር። መፍትሔው ፈተና ሆነ። እስከ ዛሬም በማኅበሩ ዘንድ ሙሉ የዘር ማረጋገጫ የሚፈለግለት ውሻ የሥራ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ያላለፈ በቁንጅና ብቻ አይዳርም። የውድድሩ ስም በ2012 ኢፔኦ ሆነ፤ በ2019 ደግሞ ኢጌፔ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ነካሹም ተነካሹም ያው ናቸው።

ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፤ ዱካ ማሽተት፣ ታዛዥነትና ጥበቃ። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ድምሩ 300 ነው። ከሦስቱ በአንዱ ከ70 በታች ያመጣ ውሻ በሌሎቹ መቶ መቶ ቢደፍን እንኳ ወድቋል። እኔ በዚህ ሥርዓት ተምሬ ቢሆን ኖሮ ሒሳብ ብቻ ከስንት ነገር ባስቀረኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጉድ ያገናኙኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በር ለበር ነው የምንኖረው። ከተዋወቅን ብዙ ዘመን ሆነን፤ ዛሬም አንቱ ይሉኛል፣ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። በእኛ ደረጃ ላይ «አንተ» የሚባለው ኳንዶ ብቻ ነው። ኳንዶ ጥቁርና ቡናማ የእረኛ ውሻ ነው። ስሙ የወጣለት በፊደል ተራ ነው፤ አርቢዎቹ የመጀመሪያውን ውላጅ በሙሉ በ«አ» የሚጀምር ስም ያወጡለታል፣ ሁለተኛውን በ«ቤ»፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። እሱ «ኩ» ላይ ደረሰው። አያቴ ደግሞ ውሻቸውን «ማን ይታመናል» ነበር ያሉት። ስሙ የውሻው፣ መልእክቱ የጎረቤት። ማታ ማታ በር ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጠሩት፣ የሚመጣው ውሻው ቢሆንም የሚሰማው ሌላ ሰው ነበር።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ።

«ይቅርታ፣ በእግርዎ ይሄዳሉ?»

«እሄዳለሁ።»

«እርሻ ላይስ?»

ጀርመን አገር ሰው በር አንኳኩቶ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ ከበስተኋላው ደንብ አለ። እውነትም ነበረ። በፈተናው ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ውሻው የሚያሸተውን ዱካ የሚረግጠው ባለቤቱ ሳይሆን ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ባዕድ። የክለቡን አባላት ሽታ ኳንዶ በቃሉ አጥንቶ ጨርሶታል ብለው ያምኑ ነበር ጎረቤቴ። ስለዚህ ለልምምዱ አዲስ ባዕድ ፈለጉ። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ባዕድነቴ በየቢሮው ፎርም ሲያስሞላኝ ነው የኖረው። ባዕድ በመሆኔ ስፈለግ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያውም ቡና ከነኬኩ ቀርቦልኝ።

ዱካ መርገጥ እንደ ዋዛ የሚታይ ሥራ አይደለም። በሦስተኛው ደረጃ ዱካው ከ600 እርምጃ አያንስም፤ አምስት ቀጥታ መስመርና አራት መታጠፊያ አለው። ረጋጩ መንገዱ ላይ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ጥሎ ያልፋል፤ አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ጨርቅ፣ አንዱ እንጨት፤ ቁመታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሽታዬ እንዲገባቸው ቀድሜ ግማሽ ሰዓት ያህል ኪሴ ውስጥ ይዣቸው መቆየት ነበረብኝ። አረማመዱ ደግሞ የተለመደው ይሁን ይላል ደንቡ። ሰው ቆሞ እያየህ እንደተለመደው ለመራመድ ሞክረህ ታውቃለህ? እግሬ የማን እንደሆነ ጠፋብኝ። አንዴ እንደ ሰልፈኛ ወታደር አደረገኝ፤ አንዴ ቤተ ክርስቲያን አርፍዶ እንደደረሰ ሰው በጣቴ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም። «ትናንት ዶሮ ወጥ ሠርቼ ነበር፤ ልብሴ በርበሬና ንጥር ቅቤ ሳይሸት አይቀርም፤ ችግር ይኖረዋል?» አልኳቸው። ቁም ነገሬ ብለው አሰቡበት። «ደንቡ ስለዚህ የሚለው የለም» አሉ።

ከዚያ ይጠበቃል። ዱካው ከተረገጠ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ውሻው አይሰማራም። ሲሰማራ አፍንጫውን አፈር ላይ ተክሎ እርምጃ በእርምጃ ይሄዳል፤ ባለቤቱ 10 ሜትር ገመድ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ከሦስቱ አንዱን ሲያገኝ እዚያው ይተኛል፤ ባለቤቱ ደርሶ ያነሳና እጁን ከፍ አድርጎ ለዳኛው ያሳያል። ለሦስቱ 21 ነጥብ ይያዛል፣ ሰባት ሰባት። ቀሪው 79 የአፍንጫው ልፋት ዋጋ ነው። መቸኮል አያስመሰግንም። በመንገድ ላይ ጥንቸል ብትነሳና ውሻው ቢከተላት ባለቤቱ «ተኛ!» ብሎ ሊጮህ ይፈቀድለታል፤ ውሻው ከተኛ ወደ ዱካው ይመለሳል፤ ካልተኛ ከውድድሩ ይባረራል። ስለ ጥንቸሏ ደንቡ ዝም ብሏል።

ኳንዶን ዳር ቆሜ ሳየው ጉድ ነው ያልኩት። መታጠፊያው ላይ ያመነታሁበት ቦታ ሲደርስ እሱም አመነታ። ጫማዬን ለማሰር ያጎነበስኩበት ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አሸተተ። እርምጃዬን እንዲህ በቁም ነገር የመረመረልኝ ፍጡር በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ የኢሚግሬሽን ሰዎችን ጨምሮ።

የውድድሩ ቀን ዱካውን የረገጡት ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ሥራ አላጣሁም። በታዛዥነቱ ክፍል ውሻው ያለ ገመድ፣ ከባለቤቱ ግራ እግር ሳይለይ፣ ቢያንስ በአራት ሰዎች መካከል ማለፍ አለበት፤ ሰዎቹም ቆመው ሳይሆን እየተንቀሳቀሱ። አራተኛው ሰው እኔ ሆንኩ። በደንብ የተደነገገ ሕዝብ መሆን ደስ ይላል፤ ምንም ሳትሠራ ታስፈልጋለህ።

ተራችን እስኪደርስ ዳር ቆመን ሳለ ተኩስ ተሰማ። ይህም ደንብ ነው። ውሻውና ባለቤቱ ሲሄዱ ከ15 እርምጃ ርቀት ሁለት ጊዜ ይተኮሳል፤ የደነገጠ ውሻ ይሰናበታል። እኛ አገር ተኩስ ሲሰማ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ልቅሶ ነው፣ ወይ ቶሎ ቤት መግባት ነው፤ ሦስቱንም አይቼ ነው ያደግሁት። ኳንዶ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እኔ ግን በአንድ ጉልበቴ መሬት ይዤ ተገኘሁ። ደንቡ የደነገጠ አራተኛ ሰው ይሰናበት ስለማይል ቀስ ብዬ ተነሳሁና ሱሪዬን አራገፍኩ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ እንጨት ወርውሮ ማስመጣት፣ አንድ ሜትር መሰናክል ማዘለል፣ 1 ሜትር ከ80 የሚሆን ዘመም ያለ ግድግዳ ማስወጣትና ማስወረድ። የሚገርመው ሌላ ነው። ውሻው በሚወዳደርበት ሜዳ ላይ የሚቀጣው ሰውየው ነው። በትከሻ ምልክት ሰጥተሃል፣ ይቆረጣል። ጭንቅላትህን ነቅንቀሃል፣ ይቆረጣል። ኪስህ ውስጥ ኳስ ደብቀህ መግባት ክልክል ነው። ትዕዛዝ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ግን አንዴ ይባላል። ሁለተኛ ከደገምከው ልምምዱ «አጥጋቢ» ወደሚለው ይወርዳል፣ ከሠለስከው «ደካማ» ይሆናል። ይህን ለእናቴ በስልክ ባጫወትኳቸው ጊዜ ዝም አሉ። ስሜን ሰባት ጊዜ ሳይጠሩ ከጨዋታ ገብቼላቸው አላውቅም።

ጎረቤቴን የጎዳቸውም ይኸው ነው። ውሻው ወደ ፊት በሩጫ ተልኮ፣ ርቆ ከሄደ በኋላ በአንድ ቃል መተኛት አለበት። ኳንዶ ሄደ፤ መሄድ እንኳ ነፍሱ ነው። «ተኛ!» አሉት። ዞሮ አያቸው። በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ አንድ አምላክ ያውቃል። «ተኛ!» አሉ ደግመው። ተኛ። አንድ ነጥብ ተኩል ሄደች።

ሦስተኛው ክፍል የመነሻዬ ሌባ ነው። በደንቡ ስሙ ሌባ አይደለም፣ «ረዳት» ነው፤ የሚረዳው በመነከስ ነው። ወፍራም ሱሪና የክንድ መከላከያ ይለብሳል፣ እጁ ላይ ለስላሳ ዱላ ይይዛል። ውሻው ስድስተኛው መደበቂያ ውስጥ ሲያገኘው ፊቱ ቆሞ ያለማቋረጥ መጮህ አለበት፤ መንከስ ግን የለበትም። የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚለውን የእኛን ተረት ወስደው አንቀጽ አድርገውታል። ረዳቱ ሲሸሽ ወይም ሲያጠቃ ግን ይነከሳል፤ አነካከሱም ይታረማል። ሙሉ አፍ ነው ወይስ በጥርስ ጫፍ? ረጋ ያለ ነው ወይስ የሚያኝክ? ዱላው ሲወዛወዝበት ፀንቷል ወይስ ላላ?

ዋናው ፈተና ግን መልቀቅ ነው። «ልቀቅ!» ሲባል መልቀቅ አለበት። እምቢ ካለ ዳኛው ሁለት ተጨማሪ ትዕዛዝ ይፈቅዳል። ከዚያም ካልለቀቀ ይሰናበታል፤ ሲሰናበት ደግሞ ጠዋት በአፍንጫው ያገኘውን ነጥብ ሳይቀር ያጣል። የያዙትን በአንድ ቃል መልቀቅ ከባድ ነው፤ ስለ ሥልጣን እያወራሁ አይደለም፣ ስለ ውሻ ነው። በመጨረሻ ረዳቱ ዱላውን አስረክቦ ታጅቦ ዳኛው ፊት ይቀርባል። ችሎቱ እዚያው ነው፣ ቀጠሮ የለም። የሚፈረደው ግን በተያዘው ላይ ሳይሆን በያዦቹ ላይ ነው።

ማን ይታመናል ትዝ አለኝ። እሱም የሥራ ውሻ ነበር፤ ቀን ዝንጀሮ ከማሽላ ያባርራል፣ ማታ በረት ይጠብቃል። ዱካ ማሽተቱን፣ ታዛዥነቱን፣ ጥበቃውን ማንም ለያይቶ አልፈተነውም። ዳኛው ጅብ ነበር፤ ያለፈ ውሻ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። በታዛዥነት ግን ከ70 በታች እንደነበር አልጠራጠርም። አያቴ ሲጠሩት የሚመጣው ድስት ሲከፈት ከሆነ ብቻ ነው።

ዳኛው ማይክሮፎን ይዞ ውጤቱን ሲያብራራ ሰዉ ሁሉ ይሰማል። የእኛ ዘመን ሰው ግምገማ ያውቃል፤ ይህም ግምገማ ነው፤ ሂሱ አለ፣ ግለ ሂሱ የለም። ባለቤቱ ውሻውን አጠገቡ አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። መከራከር አይቻልም፤ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ያጉረመረመ ከሜዳው ሊባረር ይችላል። ዱካ 91፣ ታዛዥነት 86፣ ጥበቃ 92፤ ድምር 269። «ጥሩ» አላቸው። «እጅግ ጥሩ» የሚጀምረው ከ270 ነው።

እኔ በሰው ነጥብ ደሜ ፈላ። «ያቺ አንድ ተኩል ባትቆረጥ እኮ!» አልኩ። ጎረቤቴ ኳንዶን አንገቱን አሻሹትና፣ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ ድምፃቸው ዘግይቶ እንደወጣ ለውሻው ነገሩት። ለእኔ ምንም አላሉኝም። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ቀደም ብለው ያሰቡት ነገር እንዳለ ገባኝ። በመከር ወራት ሌላ ውድድር አለ።

«ዱካ ልረግጥ?» አልኳቸው፤ ኬኩ ትዝ ብሎኝ።

አንገታቸውን ነቀነቁ። ኳንዶ ከኋላ ወንበር አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ጭኖ እጅጌዬን እየላሰ ነበር። «አሁንማ ያውቅዎታል» አሉኝ በቅሬታ። «ባዕድ አይደሉም።»

ትንሽ ነዱና መብራት ላይ ቆሙ።

«ወንድም የለዎትም?»