እንኳን ለማርች 8 አደረሳችሁ፤ ቡናው ደረሰ ወይ?

የካቲት 29 በመጣ ቁጥር መሥሪያ ቤቶቻችን ሴቶችን እንዴት እንደሚያከብሩ ያላየ ሰው፣ አክብሮት ምን እንደሆነ አያውቅም። የሒሳብ ባለሙያዋ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገብታ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች። የግዥ ባለሙያዋ ሌሊቱን የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ታቅፋ ከሚኒባስ ትወርዳለች። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ደግሞ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ የከሰሉ ጭስ ዓይኗን እያስለቀሳት ቡና ትቆላለች። ወርሃዊ ሪፖርቷን ለከሰዓት አሸጋግራዋለች፤ በዓል ነው ተብሎ ሪፖርት አይቀርማ። ለሁሉም መፈክር የታተመበት ቲሸርት ይታደላል። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ወለል ሲወለወልበት ውኃ ይመጥጣል።

ወንዶቹም ቢሆኑ ሥራ አልፈቱም። ከፊት ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ የታሸገ ውኃቸውን ከፍተው፣ ስለ እኩልነት ይናገራሉ። የክብር እንግዳው «እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ ሚስቶቻችን» ብለው ይጀምራሉ፤ የማንም ያልሆነች ሴት እስከ ዛሬ በንግግራቸው ውስጥ አልተገኘችም። ቀጥለው «ከጠንካራ ወንድ ጀርባ ጠንካራ ሴት አለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዞር ቢሉ ስኒ ይዛ ቆማለች።

ቀኑ ድሮ እንዲህ ጨዋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1917 የፔትሮግራድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች በዚሁ ቀን ሥራቸውን ጥለው፣ ዳቦ እያሉ አደባባይ ወጡ። በሳምንቱ የሩሲያው ዛር ዙፋኑን ለቀቀ። እኛ ይህን ሁከት አርመነዋል። ሥራ ማቆሙን በትርፍ ሥራ ተካነው፤ ዳቦውን ሴቶቹ ራሳቸው ጋግረው ያመጣሉ፣ የክብር እንግዳው ይቆርሱታል። ተመስገን ነው፣ እስካሁን አንድም ኃላፊ ወንበሩን አልለቀቀም።

በንግግሩ መሐል ሕግ መጠቀሱ አይቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ባል የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ካነሰው፣ ሥራውን ሚስት ራሷ ትሥራ የሚልም አንቀጽ ነበረው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መጥቶ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። አባወራዎቻችን ምስጋና ይግባቸውና፣ የተሻረውን አንቀጽ በቃላቸው ይዘው ለልጆቻቸው አቆይተውልናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (ቁጥር 1156/2011) የዋዛ አይደለም፤ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትየው 3 ቀን ይሰጣል። ሲበዛበት ነው! ገንፎ ለመብላት ከዚያ በላይ ምን ያደርግለታል?

አምና ታዲያ አንዲት አፈ ሹል ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቀኑ የእኛ ከሆነ ለምን እኛ ቤታችን አንቀርም? በዓሉን እናንተው አክብሩት» ብላ አረፈችው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰብሳቢው ግን ዲሞክራት ናቸውና «ሐሳቡ ይጠና» አሉ። እዚያው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተዋቀረ። አራቱ ወንዶች ናቸው። አምስተኛዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ የስብሰባው ሻይ ቡና ደግሞ በሥርዓተ ፆታ ክፍሉ በኩል እንዲሸፈን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።