አገዳው የላሟ ነው

ሐኪም ዓይን አድኖ ሲሰድ ስለሚከተለው መከራ አንዳች አይናገርም። «ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ፣ ጭስ አይጠጉ፣ ዓይንዎን አይሹ» ይላል። «ማየት ሲጀምሩ የሚያናድድ ነገር ይበዛብዎታልና ጨጓራዎን ይጠብቁ» ብሎ ያስጠነቀቀኝ ግን የለም። እንግዲህ እኔው ልንገራችሁ።

በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ የእጅ ሥራ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ልጆችን ገመድ መግመድና ጭቃ ማድቦልቦል ለማስተማር ነበር፤ ልቤ ግን ከአውሮፕላን ጋር ነበር። አትሣቁ። የእኔ አውሮፕላን ከአገዳ ይሠራል፣ በእሾህ ይያያዛል፣ በእጅ ይወረወራል። ሞተር የለውም፤ አለው ከተባለም የተጠማዘዘ የብስክሌት ከመነዳሪ ነው።

በዚህ የለከፈኝ ዳኮታ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር ሥራ የጀመረው በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ነበር። እኔ ከብት የምጠብቅ ልጅ ሳለሁ ደግሞ ዳኮታው ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ይመላለስ ነበር። አንጋጥጬ ሳይ ከብቱ ሰው ማሳ ይገባል፤ ማታ እገረፋለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ አንጋጥጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ሳበር ኖሬ የዓይን ሞራ መጣብኝ። አመጣጡ ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የክንፉ ጫፍ ደበዘዘብኝ፤ ቀጥሎ አውሮፕላኑ፤ በመጨረሻ ደመናና ሰማይ አልለይ አሉኝ። ወርውሬ የት እንደወደቀ ልጆች መጠየቅ ጀመርኩ። እነሱም ፍለጋው ሲሰለቻቸው «ገና እየበረረ ነው» ይሉኛል። እኔም አምኜ፣ እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ስጠብቅ ይመሽብኛል። በዚህ ውርደት ተውኩት። መተው የፈለግሁ ግን አልነበርኩም።

በአገራችን ሰውን ዓይነ ስውር ከሚያደርጉት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ይኸው ሞራ ነው። ሕክምናው አንድ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪወርድ እንኳ አይቆይም፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው የፕላስቲክ ይተኩበታል። ረጅሙ ወረፋው፣ መንገዱ፣ ብሩና «ከመኸር በኋላ እንሄዳለን» የሚለው ነው። መኸሩ ደግሞ በየዓመቱ ይመጣል።

ሻሹ ሲነሣልኝ መጀመሪያ ያየሁት ባለቤቴን ነው። «አንቱ፣ ምን ያፈጡብኛል?» አለችኝ። አርጅተሻል ማለት አልደፈርኩም። እሷ ግን ምንም ሳትል መስታወት አምጥታ ሰጠችኝ። ተካካስን።

እንግዲህ ዓይኔ ተመለሰ። ቅሬታዬም እዚህ ይጀምራል፤ የተመለሰው ብቻውን ነው። ሜዳው፣ አገዳው፣ ወረቀቱ፣ ሮጦ የሚያመጣው ልጅ፣ አንዳቸውም አብረውት አልመጡም።

ሜዳውን ላስቀድም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የነበረው የወል ግጦሽ ግማሹ ቆርቆሮ ቤት፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ለማዳን የመጣ ዛፍ እኔን ፍለጋ አንበሳሜ ድረስ ተጉዟል! ገበሬውን አልወቅስም። ጤፍ በየዓመቱ ይታረስልኝ፣ ይታረምልኝ፣ ይታጨድልኝ ይላል፤ ባሕር ዛፍ ግን አንዴ ከተተከለ ዝም ብሎ አጣና ይሆናል። ለአውሮፕላን ግን ከእሱ የከፋ ዛፍ አልተፈጠረም። ዋርካ ቢሆን ልጅ ወጥቶ ያወርድልኛል፤ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ የቀረ ነገር የሚወርደው ዛፉ ሲሸጥ ነው።

«ባሕር ዳር ውረድና አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አብር» ያለኝ ወዳጅ አለ። እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሊሄድ የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ ሁለቱም ሞተሮቹ ርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሞከሩ፤ አልሆነም፤ በሆዱ አረፈ፣ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብ ይህን ካደረገ፣ በማረፊያ አቅራቢያ ማንም ሰው ምንም ነገር ወደ ሰማይ ባይወረውር ደስ ይለኛል፤ እኔም ጭምር። ስለ ሜዳዬ እነጫነጫለሁ እንጂ በዚህ አልነጫነጭም።

ወደ አገዳው ልሂድ። ጥሩ አውሮፕላን የሚወጣው ኅዳር መጨረሻ ላይ ከደረቀ የበቆሎ አገዳ ነው። ውጪው ተልጦ ይነሣል፤ ነጩ ሆዱ ይቀራል፤ ይህ ነው ቀላሉ። ፈረንጆች ለዚህ ሥራ ከኢኳዶር ባልሳ የሚባል እንጨት በገንዘብ ይገዛሉ፤ እኛ ጓሯችን ውስጥ ቆሞ ይደርቅልን ነበር። ነበር! አሁን ጓሮ ገብቼ አንድ አገዳ ሳነሣ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማለች።

«አንቱ፣ እሱን ያስቀምጡ። አገዳው የላሟ ነው።»

«አንዲት ፍሬ ናት እኮ።»

«አንዲት ፍሬ ብለው ነው ያኔም ክምሩን የጨረሱት።»

ግጦሹ ባሕር ዛፍ ከሆነ ላሟ ምን ትብላ? ሴትዮዋ እውነት አላት፤ ይህም ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ነው። ዱሮ አገዳ ለወሰደ የሚቆጣው አልነበረም። አሁን ሸክሙ ዋጋ አለው፤ ገበያ ይወጣል። የእኔ ክንፍ ከላም አፍ ተነጥቆ የሚሠራ ሆነ።

ወረቀቱስ? ለክንፍ ልብስ ጋዜጣ የሚተካከለው የለም፤ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ በግራር ሙጫ ይያዛል። በአዲስ ዘመን ስንት አበረርኩ፣ በበኩር ስንት አበረርኩ! ርዕሰ አንቀጹ ግራ ክንፍ፣ የስፖርት ዓምዱ ቀኝ ክንፍ። ዛሬ ከጎረቤት ጋዜጣ ስለምን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ «ምን ማንበብ ፈልገው ነው?» ይለኛል። ማንበብ ማን ፈለገ? ስልክ ታጥፎ ክንፍ አይሆን!

እንደምንም ተገኝቶ ሲሠራ ደግሞ ዋናው ጣጣ ሚዛኑ ነው። ከክንፉ የፊት ጠርዝ አንሥቶ ሢሶው ላይ በሁለት ጣት ሲደገፍ ቀጥ ማለት አለበት። አፍንጫው ከቀለለ ሽቅብ አንጋጦ ይቆምና ይወርዳል፤ ከከበደ መሬት ይወጋል። ስለዚህ ከቀፎ የወጣ ሰም እየቆነጠሩ አፍንጫው ላይ መለጠፍ ነው። ሌላው ጣጣ ከፍታችን ነው፤ ጣና ራሱ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ክንፍን የሚሸከመው አየር ነውና፣ በፈረንጅ መጽሐፍ ልክ የተሠራ አውሮፕላን እኛ ዘንድ ሲመጣ ይደክመዋል። ወይ ክንፉን ማስፋት፣ ወይ ክብደቱን መቀነስ፣ ወይ ጠንክሮ መወርወር ነው። ክንፉን እንዳላሰፋ ጋዜጣ የለም፤ ጠንክሬ እንዳልወረውር ትከሻዬ እንቢ ብሏል።

አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ይህን እሮሮ በስልክ ሰምቶ አዘነልኝ። «ጋሼ፣ እኔ ዘመናዊውን እልክልዎታለሁ። በባትሪ የሚሄድ ነው፣ በሬዲዮ ይታዘዛል፣ ውስጡ ጋይሮ አለው፣ ነፋስ ቢያንገዳግደው ራሱ ይስተካከላል፣ ቢጠፋ ራሱ ወደ ተነሣበት ይመለሳል።»

«ታዲያ የኔ ሥራ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ማየት ብቻ ነው።»

ማየትማ ገና መጀመሬ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለውን ዕቃ ወደ አገር ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አየር ማረፊያ ላይ ተይዞ የቀረ ስንት አለ። ቢፈቀድልኝም አላበረውም። በእኛ አካባቢ ከሰማይ ጥዝ የሚል ድምፅ ሲሰማ እናት ድሮን መጣ ብላ ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች። ጎረቤቴን አስደንግጬ ልደሰት? የአገዳው አውሮፕላን ድምፅ የለውም፤ ሲያልፍ የሚያስደነግጠው ዶሮ ብቻ ነው።

ጎረቤቶቼ ደግሞ «መምህር፣ ወደ ልጅነት ተመለሱ እንዴ?» ይሉኛል። ለእነሱ አንድ መልስ አለኝ። አልፎንስ ፔኖ የሚባል ፈረንሳዊ በ1871 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በተጠማዘዘ ላስቲክ የሚሄድ ትንሽ አውሮፕላን አብርሮ ሰው ጉድ አለ። የራይት ወንድማማቾችንም በልጅነታቸው የለከፋቸው አባታቸው ያመጣላቸው በላስቲክ የሚበር መጫወቻ ነው፤ የተሠራውም ከቀርከሃ፣ ከቡሽና ከወረቀት ነበር። የዓለም አየር መንገድ ሁሉ አያት ይህ ነው። ይህን ብዬ ስጨርስ ጎረቤቴ «እነሱ ግን ያኔ ልጆች ነበሩ» አለኝ። ከሱ ጋር ቡና መጠጣት አቁሜያለሁ።

በዚህ ሁሉ መካከል አጽናናኝ የነበረችው «ፀሐይ» ናት። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር አገራችን ውስጥ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን ማለቴ ነው። ጠላት ገብቶ ወሰዳት፤ ከሮም ወዲያ፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል ሐይቅ ዳር ባለ ሙዚየም ዘመኗን ገፋች። በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ መመለሷ ሲነገር፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት ያህል በሰው አገር ቆይታ የተመለሰች ካለች እኔ በሞራ ምን ተስፋ ያስቆርጠኛል አልኩ። ሕክምና የሄድኩትም በዚያ ወኔ ነው። ኋላ ግን ነገሩን አሰብኩት። ፀሐይ ተመለሰች እንጂ አልበረረችም፤ ቆማ የምትታይ ናት። ሊያበርራት የሚችል አብራሪ፣ ሞተሯን የሚያውቅ መካኒክ፣ መለዋወጫ፣ ያ ሁሉ አብሯት አልመጣም። መመለስ አንድ ነገር ነው፣ መብረር ሌላ። ማን ይረዳኛል ስል ለካ የኔን ጭንቀት በደንብ የምታውቅ አውሮፕላን አለች።

እኔ ግን ቆሜ ልታይ አልፈለግሁም። ባለቤቴ ገበያ በወጣችበት ቅዳሜ ከክምሩ ሥር (ከላይ ከተነሣ ያስታውቃል) አንድ አገዳ ሰረቅሁ። ክንፉን በልጅ ልጄ የደብተር ሽፋን ሸፈንኩ። ከእሱ ጋር ወደ አንዱ የታጨደ የጤፍ ማሳ በማለዳ ወጣን፤ ረፋዱ ካለፈ ከጣና በኩል ነፋስ ይነሣና አውሮፕላኑን እስቴ ያደርሰዋል።

ወረወርኩ። በረረ! ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ክብ እየሠራ ሄደ። የክንፉን ጫፍ አየሁት። አንድ ጭልፊት መጥቶ ዞረው፤ ዘመድ ይሁን ምሳ አልለይ ብሎት ትቶት ሄደ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ሲል ሐኪሙ ዓይንዎን አይሹ ያለኝ ትዝ አለኝ።

የልጅ ልጄ ግን ወደ ላይ አያይም። ስልኩን ደቅኖ የሚያየው እኔን ነው።

«አባባ፣ ካሜራ አለው?»

«የለውም።»

«ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

«እስከሚወድቅበት።»

ማሳው ጫፍ ላይ ሲወድቅ «ሩጥ፣ አምጣው» አልኩት። እኔ በእሱ ዕድሜ አውሮፕላን ለማምጣት በባዶ እግር እሾህ ረግጬ ሮጫለሁ። እሱ «ስንት ይከፍሉኛል?» አለኝ። ሁለት ብር አልኩት። ሣቀ። «አባባ፣ ሁለት ብር አሁን ምን ይገዛል?» ምን እንደሚገዛ እኔም አላውቅ። ሃያ ብር ተስማማን። ሁለት ጊዜ ካበረርኩ በኋላ የጡረታ አበሌ የሚፈቅደው በረራ አለቀ። የቀረጸውንም ቲክቶክ ላይ ለጠፈው፤ አውሮፕላኑ አይታይበትም። የሚታየው ሽማግሌ ሰው ባዶ ሰማይ እያየ ሲያጨበጭብ ነው። ብዙ ሰው ወዶታል አሉ።

እንግዲህ ለመንግሥትም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለላሟም አቤቱታዬ ይህ ነው። የእጅ ሥራ ትምህርት ይመለስ፤ ልጅ ምላጭና ሙጫ ይያዝ፤ በየከተማው ባሕር ዛፍ የማይበቅልበት፣ ቤት የማይሠራበት አንድ ሜዳ ይተው። ልጁ ራሱ የሠራውን ከሆነ ለማምጣት ሃያ ብር አይጠይቅም፤ ሲወድቅበት እያለቀሰ ይሮጣል። እኔን የሚያስፈልገኝ አውሮፕላን የሚያመጣልኝ ልጅ አይደለም፤ የራሱን እያሳደደ የኔን ረግጦ የሚያልፍ ልጅ ነው። ያኔ እንኳ እጮህበታለሁ፤ ለምን ዝም ብዬ?

እስከዚያው ድረስ ሞተር የሌለው አውሮፕላኔን ይዤ ማማረሬን እቀጥላለሁ። ማማረር ፈቃድ አይጠይቅም፣ ባትሪ አይፈጅም፣ ከላሟም አይወሰድም። ባለቤቴ ብቻ ይህንንም ልታስቆመኝ ነው፤ የጎደለችውን አንዲት አገዳ ቆጥራ ደርሳባታለች።