ሦስተኛው እጅ፦ ስለ ነገረ ሐሜት የቀረበ አጭር ሐተታ

ስለ ርስትና ስለ ጉልት፣ ስለ ግብርና ስለ አሥራት፣ ስለ ሹም ሽርና ስለ ደጅ ጥናት ሊቃውንቱ ብዙ ሲጽፉ፣ ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ሆኖ ሿሚውንም ተሿሚውንም ሲያሾር የኖረውን፣ ያለ በጀትና ያለ ደመወዝ ከማናቸውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ በሩን የሚከፍተውንና ከሁሉም በኋላ የሚዘጋውን ሐሜትን እስከ ዛሬ በሥርዓት የመረመረው ሰው አለመገኘቱ ለሀገራችን ትምህርት ታላቅ ጉድለት ነው። ጉድለቱ የመጣው ሊቃውንቱ ጉዳዩን ሳያውቁት ቀርተው ነው እንዳይባል፣ በዕለት ኑሯቸው ከማናችንም ይልቅ የተራቀቁበት መሆናቸውን አብሯቸው ቡና የጠጣ ሁሉ ይመሰክራል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በጥቂቱ ይሞላ እንደሆነ በማለት የቀረበ ሲሆን፣ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ስለሚነገረው፣ ጊዜን ከማሳለፍ በቀር ሌላ ዓላማ ስለሌለው ተራ ሐሜት አይናገርም፤ የሚናገረው ሰውን ከወንበር ለማውረድ፣ ወይም ወደ ወንበር እንዳይደርስ ለማድረግ በጥንቃቄ ተሠርቶ ስለሚለቀቀው ስለ መንግሥታዊው ሐሜት ብቻ ነው።

ጥበቡ ከፍጹምነት ደረጃ የደረሰበትን ዘመን ለማግኘት ወደ አራተኛው መቶ ዓመት መመለስ ያሻል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ራሱ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ335 ዓ.ም. በጢሮስ ከተሰበሰበው ጉባኤ ፊት የቀረበው፣ ከሌሎች ክሶች ጋር፣ አርሳንዮስ የሚባለውን ኤጲስ ቆጶስ ገድለሃል፣ ለአስማት ሥራም እጁን ቆርጠሃል ተብሎ ነበር። ከሳሾቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ የደረቀ የሰው እጅ በሣጥን ይዘው መጥተው ለጉባኤው አሳዩ። አትናቴዎስም፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ አርሳንዮስን በመልክ የሚያውቅ በመካከላችሁ አለን ብሎ ከጠየቀና እናውቀዋለን የሚሉ ከተገኙ በኋላ፣ ሞተ የተባለው ሰው በካባ ተሸፍኖ እንዲገባ አደረገ። ፊቱን ገለጠ። ከዚያም ካባውን በአንድ በኩል አንሥቶ አንዱን እጅ፣ ጥቂት ቆይቶ በሌላው በኩል አንሥቶ ሁለተኛውን እጅ አሳየና፣ ሰው ከፈጣሪው የተቀበለው ሁለት እጅ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ከየት ላይ እንደ ተቆረጠ ከሳሾቼ ያሳዩኝ አለ።

ተራ አእምሮ ያለው ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። ከጉባኤው መካከል ግን ይህም ምትሐት ነው ያሉ ተገኙ፤ ጉባኤውም አትናቴዎስን ከመንበሩ ሻረው። ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቆስጠንጢኖስ ሄዶ ቢጮህ ስለ እጁ የሚያነሣ ጠፋ፤ በምትኩ ከግብፅ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚጫነውን እህል አስቀራለሁ ብሏል የሚል አዲስ ክስ ጠበቀው፤ እጁ ያልቻለውን እህሉ ቻለና ወደ ትሪየር ተጋዘ። አርሳንዮስ ከነሁለት እጁ በሕይወት ሳለ፣ እጁን ቆረጠ የተባለው ሰው ግዞተኛ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሐሜት እንዲሠራ መታመን የማያስፈልገው መሆኑን ነው። በጢሮስ የተቀመጡት አባቶች ዓይን ነበራቸው፤ ሁለት እጅም ቆጥረዋል፤ ዳሩ ግን የተሰበሰቡት እጅ ሊቆጥሩ ሳይሆን መንበር ሊያስለቅቁ ነበር፤ መንበሩ የሚፈለግ እስከ ሆነ ድረስ ደግሞ ሦስተኛ እጅ አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን በሐሜት በወደቀ ጊዜ፣ ሕዝቡ ይህን እንዴት አመነ ብሎ የሚደነቅ ሰው ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ሕዝቡ አላመነም። ሕዝቡ በወሬው ውስጥ የሰማው ሰውየው ለመውደቅ መመደቡን ነው፤ ከሚወድቅ ሰው ጋር አብሮ መቆም ደግሞ ልማዳችን አይደለም።

ነገሩ በሚነገርበት ሥርዓት ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል፤ እንደ ቅዳሴው መግቢያ፣ ፍሬ ነገርና ማሰናበቻ አለውና። መግቢያው «ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ» የሚለው ሲሆን፣ ይህ ቃል ተናጋሪውን ገና ሳይበድል ስለሚያነጻው ሊዘለል አይገባም። ቀጥሎ የሚታማው ሰው ይመሰገናል፤ «እኔ በበኩሌ የማከብረው ሰው ነው፤ የዘመድ ያህል ነን» ይባላል፤ የጠላት ምስክርነት በችሎት እንደማይጸና ሁሉ በሐሜትም አይጸናምና። ከዚህ በኋላ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ስኒው ከአፍ ሳይደርስ ባለበት ይቆማል፤ በሩም አንድ ጊዜ ገልመጥ ተደርጎ ይታያል፤ በሩ ላይ ሰው መኖሩም አለመኖሩም ለውጥ የለውም። ፍሬ ነገሩ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ መጨረሻውም «ይባላል» ነው። አድማጩ «አይደረግም!» ይላል፤ ተናጋሪው «ብቻ ከእኔ እንዳትሰማ» ብሎ ያሰናብታል። አድማጩ በዚያው ዕለት ማታ ሌላ ቤት ገብቶ መግቢያውን ራሱ ይጀምራል፤ ልዩነቱ ጧት «ይባላል» የነበረው ማታ «ከታማኝ ምንጭ ሰምቻለሁ» ወደሚለው ማዕርግ ማደጉ ብቻ ነው። የሚጠራጠር ሰው ቢነሣ «እሳት በሌለበት ጭስ አይጨስም» የሚባል ማስረጃ ይቀርብለታል፤ የዚህም ማስረጃ ብርታቱ ጭሱን ያጨሰው ሰው ራሱ ሊጠቅሰው መቻሉ ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ስለ ነበር፣ መክሰስ ያልተቻለው ሁሉ ወደ ማማት ዞሮ፣ ሐሜት ከይግባኝ ሰሚው ሁሉ በላይ የተቀመጠ ችሎት ሆኖ ኖሯል። የዚህ ችሎት የተወደደ መነሻ የእናት ሥራና የአያት ስም ነው። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት፣ እናታቸው በችግራቸው ዘመን ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ ይታሙ ነበር። ከእቴጌ መነን ወገን የሆኑት ደጃዝማች ወንድይራድ ይህን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤው እመጣለሁ ብለው ፎክረው ዘመቱ፤ ተሸነፉ፤ ተማረኩ። ካሣም ኮሶ አስቀርበው አጠጧቸው፤ እናቴ ገበያ አልቀናትምና የተረፋትን ይጠጡልኝ የሚል ቃል ጨምረው እንደ ነበርም ይተረካል። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ አንባቢ የምላሹን ክብደት ያለ ማብራሪያ ይረዳል። በተመራማሪ ዓይን ሲታይ ግን ምላሹ ፍሬ አልነበረውም፤ ኮሶው ከደጃዝማቹ ሆድ ወጣ እንጂ ሐሜቱ ከሀገሩ አፍ አልወጣም፤ የንግሥናውን ዘመን ተሻግሮ ከታሪክ መጻሕፍት ገባ፤ እነሆ እኔም ጻፍሁት።

ከዚህ የሚሰፋው የልጅ ኢያሱ ነገር ነው። የልጅ ኢያሱን ጥፋት ለሚፈልግ ሰው ጥፋት አልጠፋም፤ ከዋና ከተማው ርቀው ወራት ማሳለፋቸው፣ የምኒልክን መኳንንት መናቃቸው፣ የመንግሥቱን ሥራ ቸል ማለታቸው ሁሉ በግልጥ የሚታይ ነበር። ነገር ግን ሥራ አይወድም በሚል ክስ ማንም ከወንበር አይነሣም፤ እንዲህስ ቢሆን በወንበር ላይ ማን ይቀር ነበር? ስለዚህ ሦስተኛ እጅ አስፈለገ። በሐረርጌና በኦጋዴን ከሙስሊሙ ሕዝብ ጋር በአንድ ማዕድ መቅረባቸውና መዛመዳቸው ተቆጠረ፤ ጥምጥም ጠምጥመው የተነሡት ነው የተባለ ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ ዘመኑም የዓለም ጦርነት ዘመን ነበርና ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ብለው የሰጉት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች ቅሬታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱ በግቢ ተሰብስበው፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈትተው፣ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ተሻሩ። ንጉሥ ከገዛ ዜጋው ጋር መብላቱ እንዴት የክስ ነጥብ ሊሆን ቻለ የሚል ጥያቄ በዚያ ቀን አጀንዳ አልተያዘም። ፎቶግራፉ የተሠራ ይሁን የእውነት፣ የታሪክ ሰዎች የተከራከሩበት ጉዳይ ነው፤ ለነገረ ሐሜት ግን ክርክሩ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጉባኤው የተጠራው ፎቶግራፍ ለመመርመር አልነበረምና። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ በሰገሌ ሜዳ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ሲማረኩ፣ ከሁለቱ ወገን የወደቀው ብዙ ሺህ ሰው ስለዚያ ጥምጥም እውነተኛነት ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘም።

ሐሜት ሁሉ ከሐሰት ይሠራል ብሎ ማሰብ የጀማሪ አስተሳሰብ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበትን ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣና ከንጉሠ ነገሥቱ ውሾች ጋር እያፈራረቀ አቀረበ፤ በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር፤ ውሾቹም እውነተኛ ውሾች ነበሩ። ይህን ሐሜት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ይታዘበኛል። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ፊልሙ ለእንግሊዝ ሕዝብ የታየው አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሲሆን፣ እውነት እንኳ በእኛ አገር ወንበሩ እስኪፈለግ ድረስ ደጅ መጥናት ነበረባት።

ከዚያ ወዲያ የገጠሩ መሬትና የከተማው ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ አዋጅ ሳይወጣለት የተወረሰ ተጨማሪ ሀብት ቢኖር ሐሜት ነው። እስከዚያ ድረስ በግል ይዞታ ሥር የነበረው ሐሜት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው በተጠራው የማጋለጥ ስብሰባ የመንግሥት ሆነ፤ ሰው ራሱን እንዲያጋልጥ፣ ራሱን ሲጨርስ ጎረቤቱን እንዲያጋልጥ ይጠየቅ ነበር፤ «አናርኪስት» የምትባለዋን አንዲት ቃል በሰው ላይ ለመለጠፍ ምስክር አያስፈልግም ነበር፤ በዚያች ቃል ልጇን ያጣች እናት ዛሬም በየሰፈሩ አለች። የተከተለው መንግሥት ማጋለጥን ነቅፎ ግምገማን አመጣ። የዓለም ሐሜት ሁሉ ታሚው በሌለበት የሚፈጸም ሆኖ ሳለ፣ ታሚውን ራሱን ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ ጠባብ ወይም ትምክህተኛ ወይም ኪራይ ሰብሳቢ መሆኑን ካሰማው በኋላ፣ በመጨረሻው ግለ ሂስ በሚባለው ክፍል ሰውየው ራሱን እንዲያማ ማድረግ የቻለ ሥርዓት ለነገረ ሐሜት ያበረከተው አስተዋጽኦ ከፍ ያለ መሆኑ ሊካድ አይገባም።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ ሊጠና የሚገባው ቅርስ ስም የለሹ የጥቆማ ደብዳቤ ነው። ቀን አለው፤ ቁጥር የለውም። «ጉዳዩ፦ ጥቆማን ይመለከታል» ይላል። ከዚያ የአንድ መምሪያ ኃላፊ ስም ከነአያቱ ይጠቀስና በስውር ስላሠራው ፎቅ፣ በዘመድ ስላስቀጠራቸው ሠራተኞች፣ ስለ ጸሐፊቱም ጥቂት ይነገራል፤ ፎቁ የት እንዳለ ግን አይነገርም። ፈራሚው «ለሀገሩ ተቆርቋሪ የሆነ ሠራተኛ» ነው። የደብዳቤው ዋና ክፍል ከፊርማው በታች ይጀምራል፤ ግልባጭ፦ ለሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ለፀረ ሙስና፣ ለእንባ ጠባቂ፣ ለፖሊስ፣ ለሰው ሀብት፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ። የተነገረው ነገር ግማሽ ገጽ ሳይሞላ የተነገራቸው ክፍሎች ሙሉ ገጽ ይሞላሉ። ነቢዩ ዳንኤል በሶስና ላይ የመሰከሩትን ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ አቁሞ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር አየኻቸው ብሎ በመጠየቅ ብቻ ነጻ እንዳወጣት ይታወቃል፤ አጣሪ ኮሚቴ ግን ዛፉን አይጠይቅም፤ ዛፍ በኮሚቴው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልተካተተም። ማጣራቱ አያልቅም። በመካከሉ በተጠባባቂነት የተመደበው ሰው ደብዳቤውን አንሥቶ ያነብና፣ በስም ሳይፈርሙ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ነውር ነው ሲል ይደመጣል።

ሕጉን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም ማጥፋትን በቁጥር 2044 ሲደነግግ የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ስለሆነ፣ ሙታንን ማማት የሚወዱ ጸሐፍት በሰላም ይሠራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ሐሰተኛው መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የተሰራጨ እንደሆነ ቅጣቱን እስከ ሦስት ዓመት ሊደርስ ወደሚችል እስራት ከፍ አድርጎታል። የነፍስ አባቶች ለብዙ ዘመን በኅሊና ሲመዝኑት የኖሩትን በደል በቁጥር ለመመዘን የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ሲሆን፣ 4,900 ተከታይ ያለው ወንድማችን ከእንግዲህ ወዳጅ ሲያበዛ ማስተዋል ይኖርበታል።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሐተታ ላይ ነቀፋ ያለህ እንደሆነ ስምህን ከነፊርማህ ጽፈህ ላክልኝ፤ ግልባጭ ግን ለማንም አታድርግ።